ሳምባው ንጹሕ ነው

በ፲፱፻፶ ዓ.ም. ኅዳር ፲፪ ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አልጣሽ ወልደጻድቅ አሰላ ካለው ቤቷ ደጃፍ ላይ የግቢውን ጉድፍ ሰብስባ እሳት ለቀቀችበት። የኅዳር ሚካኤል ለት አገሩ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ በሽታ በጢስ ተባርሮ እንዲወጣ ነው። እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ስትጨምርበት ጢሱ አጥሩን ተሻግሮ መንገዱን ሸፈነው። ይሄኔ ባሏ ይርሳው ከሥራ ክፍሉ ብቅ ብሎ ሦስት ጊዜ ሳለ።

«ጢሱ ነው፤ ግባ» አለችው።

«ጢሱ ነው» አለ እሱም፣ ገባ።

ጢሱ አልነበረም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰውየው በትኩሳት ነደደ፤ ጥርሱ እርስ በርሱ እየተጋጨ ሦስት ጋቢ ተደርቦለት እንኳ ብርድ ብርድ አለው። በዚያ ሰሞን አሰላ ላይ ያልሳለ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ በወጣትነታቸው ያዩትን የጥንቱን የኅዳር በሽታ እያነሡ ተሸበሩ፤ ጎልማሳው ግን «የዘንድሮ ጉንፋን» ብሎ አቃለለው። እውነትም አብዛኛው ሰው በስድስት በሰባት ቀኑ ላቡን ጠርጎ ወደ ሥራው ወጣ። ይርሳው አሥራ አንድ ቀን ተኛ።

በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት የአልጣሽ አባት አቶ ወልደጻድቅ ከጭላሎ ሥር ካለው መንደራቸው በበቅሎ እየወረዱ ሳያሰልሱ መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ይርሳውን አማቼ ብለውት አያውቁም፤ ልጄ ነው የሚሉት። የገብስ አጥሚቱን ከአልጣሽ እጅ ተቀብለው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡና በማንኪያ ያጠጡታል።

«አባባ፣ እርስዎንም ይይዝዎታል፤ ራቅ ይበሉ እንጂ» ስትላቸው፣

«እኔን የያዘ ጉንፋን እሱው ራሱ ይታመማል» ይላሉ፣ ማንኪያቸውን ሳያቋርጡ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ይርሳው ተነሥቶ ፊቱን ታጠበ። ዳነ ተባለ። እሳቸውም በቅሏቸውን አዙረው ወደ መንደራቸው ወጡ።

ይርሳው ኮርቻ ሰፊ ነበር። ከሮቤም ከዲክሲስም ፈረሰኞች እሱን ብለው ይመጣሉ፤ ጠፍር ሲጎትት ክንዱ ላይ የሚነሣው ጅማት እንደ ገመድ ነበር። ሲራመድም እንደዚያው ነው። ሰው መንገድ ላይ «እንደምን አደርክ» ሲለው መልሱ የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነበር። ከበሽታው ወዲህ ግን ሰውየው ተለወጠ። ያገኘውን ሁሉ ቆሞ ሰላም ማለት ጀመረ። ስለ ከብቱ ይጠይቃል፣ ስለ ጥጃዋ ይጠይቃል፣ የጥጃዋ እናት ወተቷን ስንት ታደርሳለች ብሎ ይጠይቃል። ሰዉ ተደነቀ።

«ይርሳው ከታመመ ወዲህ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ሆነ!» አሏት ጎረቤቶቿ።

አልጣሽ ሳቀች። አንድ ቀን ግን ከገበያ አብረው ሲመለሱ ዳገቷን ሲጀምሩ ባሏ አንድ የማያውቁትን ገበሬ አስቁሞ ስለ ስንዴው ማሳ ሲጠይቀው፣ የገበሬውን መልስ እየሰማ እንዳልሆነ አየች። አፉን በትንሹ ከፍቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነበር።

ከዚያ ለት ጀምሮ መቀመጥ ጠላት። እንዝርቷን ታነሣለች፣ ታስቀምጣለች። ከግድግዳው ወዲያ ወስፌው ቆዳውን ሲበሳ ይሰማታል፤ ወስፌው ዝም ሲል እሷ መቁጠር ትጀምራለች። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ሠላሳ ላይ ካልተመለሰ አንድ ነገር የረሳች መስላ ትገባለች፤ እሱም አንድ ነገር የሚፈልግ መስሎ ወደ መሬት ያጎነብሳል። ሲተኛ ጀርባውን ያላለቀ ኮርቻ ላይ አስደግፎ ነው፤ በጀርባው ከተንጋለለ እንደሚታፈን ሰው ብድግ ይላል። አፍንጫውም እንደ ድሮው አልነበረም። የሰፈሩ ሰው በበሽታው ሰሞን ሳይለፋ ቆይቶ የሸተተውን ቆዳ እያለፈ አፍንጫውን ሲይዝ ይርሳው ምንም አልሸተተውም፤ በዚያው ቆዳ ኮርቻ ሰፍቶ ሁሴኖ ለሚባል የዲክሲስ ፈረሰኛ ሸጠለት። ሁሴኖ በሳምንቱ ኮርቻውን ተሸክሞ መጣ።

«አቶ ይርሳው፣ ፈረሴ እምቢ አለኝ» አለ። «ጅብ ከኋላው ያለ ይመስለዋል።»

ሁለቱም ሳቁ። ሁሴኖ ሲሄድ ይርሳው ኮርቻውን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ብዙ ጊዜ ቆየ። ከዚያ በኋላ ቆዳ ሲገዛ አልጣሽ ናት የምታሸትለት።

ይህን ሁሉ ሁለቱ ብቻ ነበር የሚያውቁት። ለማን ይነገራል? የሚያለከልክ ሰው ስሙ የሳምባ ነቀርሳ ነው፤ ነቀርሳ ከተባለ መጠጫው ለብቻው ይቀመጣል፣ ከእጁም ጠፍር የሚገዛ አይኖርም። እና ዝም ተባባሉ።

ዝምታው ግን ቀብር ላይ አልሠራም። አሰላ ላይ ሰው ሠርግ ቢቀር ይቅር ይባላል፤ ቀብር መቅረት ግን ሌላ ነው። ቀብር ሄዶ ከቃሬዛው መራቅ ደግሞ ከመቅረትም ይብሳል። አንዱ ሲደክመው ሌላው ሳይነገረው ትከሻውን ያስገባል፤ ማን እንዳስገባ፣ ማን ከኋላ እንደቀረ ሁሉም ያያል፣ ማንም አይናገርም። በጥር ወር የእድሩ ዳኛ እናት ስትቀበር ይርሳው ትከሻውን አስገብቶ ሃያ እርምጃ ሳይሄድ የጫማዬ ማሰሪያ ብሎ ወጣ። በመጋቢት ሌላ ሰው ሲሞት ጭራሹን አልሄደም።

ማንም አይናገርም ቢባልም የአልጣሽ ታላቅ ወንድም ሣህሌ ተናገረ። ሣህሌ ምላሱ የማያርፍ እህል ነጋዴ ነው።

«አማቻችን ቀብር ላይ እንደ ሙሽራ ከኋላ ከኋላ ነው የሚሄደው» አላት። «ሚዜ እንፈልግለት?»

«ሥራ በዝቶበት ነው፣ ጋሼ ሣህሌ።»

«ሟቹም ሥራ በዝቶበት ነበር።»

በሚያዝያ አልጣሽ አላስችል ብሏት ይርሳውን እየገፋች መንገዱ ዳር ወዳለችው ክሊኒክ ወሰደችው። ድሬሰሩ ፍሰሐ የሚባል፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ ነጭ ካፖርቱ ለእሱ ሰፊ ነበር። በሩ ላይ ሠላሳ ሰው ተሰልፏል።

«ደም ትተፋለህ?»

«የለም።»

«ሌሊት ላብ ያጠምቅሃል?»

«የለም።»

ፍሰሐ ማዳመጫውን ጀርባው ላይ እያዛወረ «ተንፍስ፣ አሁንም ተንፍስ» አለው። ከፊት በኩል ለአፍታ አስጠግቶ አነሣውና ወደ አልጣሽ ዞረ።

«ሳምባው ንጹሕ ነው። ነቀርሳ የለበትም።»

አልጣሽ ጎንበስ ብላ የድሬሰሩን እጅ ልትስም ስትል ልጁ ደንግጦ እጁን ከኋላው ደበቀ።

«ታዲያ የሚያደክመው ምንድን ነው?»

«ከበሽታ የተነሣ ሰው አይደለም እንዴ? ደህና ይብላ፣ ይንቀሳቀስ። ቀጣይ!»

ወደ ቤት ሲመለሱ ይርሳው አራት ቦታ ቆመ። የመጀመሪያው ላይ አልጣሽ ደስታዋ አላለቀም ነበርና አብራው ቆማ አወራች። አራተኛው ላይ ደስታዋ አልቋል። ንጹሕ ከሆነ ለምን ይቆማል? ነቀርሳን ስትፈራ የከረመች ሴት በአንድ ከሰዓት በኋላ ስንፍናን መፍራት ጀመረች። ነቀርሳ ቢሆን ታስታምመዋለች። ለስንፍና ግን ምን ዓይነት አጥሚት ይሠራለታል?

ይንቀሳቀስ አልተባለም? አንቀሳቀሰችው። እህል ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ እንጨት ይፈልጣል፤ ትናንት የፈለጠውን ዛሬ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ያዛውራል። ሰውየው አይከራከርም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጥረቢያውን ተደግፎ፣

«አልጣሽ፣ ውሃ ውስጥ እንደምሄድ ነው» አላት። «ሌላው ሰው በመንገድ ይሄዳል፣ እኔ ወንዝ ውስጥ ነኝ። እስከ ደረቴ።»

«ሰበብ አታጣም መቼም» አለችው።

ይህን ያለችበትን ቃል፣ ያለችበትን ቦታና እጇ ላይ የነበረውን ወንፊት ሳይቀር እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ አልረሳችውም።

ከዲጃ በአጥር ወዲያ ትሰማ ነበር። ከዲጃ ቅቤ የምትነግድ ባልቴት ናት፤ ወንድሞቿ ፈረስ ያረባሉ።

«ያ አልጣሽ፣ ይሄን ሰውዬ ምን እያደረግሽው ነው?»

«ሐኪም አይቶታል። ሳምባው ንጹሕ ነው።»

«ንጹሕ ነው አለ እንጂ ድኗል አለ? እኛ ቤት ደረቱን የታመመ ፈረስ ሳሉ ከተወው በኋላ ዓመት ሙሉ ኮርቻ አንጭንበትም። ይበላል፣ ጠጉሩ ያበራል፣ ያሽካካል፤ አንጭንበትም። ወንድሜ አንዱን በአራተኛ ወሩ ለጉግስ አወጣው። ሜዳው መሀል ከነኮርቻው ቀረ።»

«ባሌ ፈረስ መሰለሽ?»

«ፈረስ ቢሆንማ ይራገጥ ነበር» አለች ከዲጃ። «ያንቺው እሺ ነው የሚለው።»

አልጣሽ ለሁለት ሳምንት አኮረፈቻት። ቢሆንም ከዚያ በኋላ የባሏን እግር ማየት አዘወተረች። ሲመሽ ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፤ የካልሲው አፍ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ክብ ምልክት ይተዋል። ጣቷን ስትጫን ጎድጉዶ ይቀራል። ብዙ ስለቆመ ነው አለች። ከዚያ ደግሞ፣ ብዙ ስለተቀመጠ ነው አለች።

ሰኔ ፲፯ ቀን ማክሰኞ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሣህሌ የላከው ሰው በሩን መታ። አቶ ወልደጻድቅ ተኝተው አልነቁም።

መንደሩ ሲደርሱ ዝናቡ አባርቶ ድንኳኑ ተተክሏል። ቤተ ክርስቲያኑ ከመንደሩ በላይ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው። አልጣሽ አባቷን አቅፋ አልቅሳ አልቅሳ ድምጿ ሲዘጋ ሴቶቹ አንሥተው ወደ ውጭ አወጧት። ደጅ ላይ ሣህሌ ተሸካሚዎቹን ይመድብ ነበር።

«የፊቱን ቀኝ ማን ይይዛል? ለአማች ነው ይሄ። አማቻችን አለ ወይስ ኮርቻ ሊሰፋ ሄደ?»

በለቅሶው መሀል አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ አልጣሽን እንደ እሾህ ወጋቻት። ዞራ ሄደች። ይርሳው ከቤቱ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ የግራ ጫማው ማሰሪያው ተፈትቷል፣ እግሩ ስላበጠ።

«ትሸከማለህ አይደል?»

የተፈታውን ማሰሪያ ወደ ጫማው ውስጥ ከተተ። «ጥቂት እይዝና ሰው እለውጣለሁ።»

«ጥቂት? አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በማንኪያ ያጠጣህ ሰው ነው! እሳቸው ጥቂት ብለውሃል?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያቅትህ? ሳምባህ ንጹሕ ነው ተብለሃል! እኔ ልንገርህ፣ ዛሬ አባቴን ካልተሸከምክ ነገ እኔን ቤትህ አታገኘኝም።»

ይርሳው ቀና ብሎ አያት። የተቆጣ ሰው አስተያየት አልነበረም፤ እንደሚያዝንላት ነበር የሚመስለው።

«እሺ» አለ። ድንጋዩን በእጁ ተመርኩዞ ተነሣ።

ቃሬዛው ሲነሣ የፊቱን ቀኝ ይዞ ነበር። ሣህሌ አንገቱን ነቀነቀ፤ ሰዉም አየ። ሴቶቹ ከኋላ ይከተላሉ፤ አልጣሽ ደረቷን እየመታች አባቷን በስማቸው፣ በበቅሏቸው፣ በቀልዳቸው እየጠራች ታለቅሳለች። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ቃሬዛው ሰባት ቦታ ያርፋል፤ በየማረፊያው ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ፣ ተሸካሚም የሚለወጠው እዚያ ነው። መጀመሪያው ማረፊያ ላይ አንድ ጎልማሳ ይርሳውን ሊለውጠው መጣ። ይርሳው ራሱን ነቅንቆ መለሰው። አልጣሽ ኮራች፤ ይህንንም በኋላ አልረሳችውም፣ በአባቷ ሬሳ ፊት እንደኮራች።

ሁለተኛው ማረፊያ ላይ እያለቀሰች ዐይኗ ከቃሬዛው ወደ ባሏ አንገት ሸሸ። የአንገቱ ደም ሥር አውራ ጣት አክሎ ተገትሯል፤ ሲርገበገብ ከሩቅ ይታያል። ሣህሌ ራሱ ቀርቦ «ይበቃሃል፣ ስጠኝ» አለው። እምቢ አለ። ሦስተኛው ላይ ፊቱን ዞር ሲያደርግ ከንፈሩን አየችው፤ ሰማያዊ ቀለም የጠጣ ይመስል ነበር።

ከሦስተኛው በኋላ ዳገቱ ይበረታል። ጥቂት እንደወጡ የይርሳው የግራ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ። አልቆመም፤ ወደ ታችም አላየም። ያበጠ ባዶ እግሩን እየጎተተ ቀጠለ። አልጣሽ ዕንባዋ ቆመ። ከሚያዝያ ጀምሮ ይህን ሰው ስትጠረጥረው ነበር፤ የሚያስመስል ሰው ደግሞ ታውቃለች፣ ዐይኑ የሚያየውን ሰው ይፈልጋል። የይርሳው ዐይን ማንንም አይፈልግም ነበር። ተከፍቷል እንጂ አያይም።

«አስቀምጡት!» ብላ ጮኸች።

ቄሱ ዘወር አሉ። «ኀዘኑ ነው፤ ያዟት» አለ አንዱ። ሴቶቹ ነጠላዋን ያዙ፤ ነጠላዋን እጃቸው ላይ ትታላቸው ሄደች። ወንዶቹን በክርኗ ከፍላ ገባችና ከባሏ ጎን ከቃሬዛው እንጨት ሥር ትከሻዋን አስገባች። በዚያ አገር ሴት ቃሬዛ ሥር ስትገባ ያየ ሰው አልነበረም። ካህናቱ ዜማቸውን አቋረጡ።

«ልቀቅ» አለችው። «ልቀቅ፣ እኔ ይዣለሁ።»

«አንቺ ምናምንቴ!» አለ ሣህሌ፣ ከኋላ እየሮጠ። «በአባታችን ሬሳ ታዋርጅናለሽ?»

«ና ያዝ እንጂ፣ ጋሼ ሣህሌ! ያዝ! ባሌ ታሟል፣ ከኅዳር ጀምሮ ታሟል፣ የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ ያሸከምኩትም እኔ ነኝ፣ ያዝ!»

ሣህሌ ሊመልስላት አፉን ከፈተ። የይርሳውን ፊት አየ። ጎንበስ ብሎ ትከሻውን አስገባ። ይርሳው ከእንጨቱ ሥር ሲወጣ ሁለት እርምጃ ተራምዶ በጉልበቱ ወደቀ፤ አልጣሽም እንጨቱን ለሣህሌ ለቃ ከጎኑ ተንበረከከች።

ሬሳ መንገድ ላይ አይቆይም። ቄሱ መስቀላቸውን አንሥተው ወደ ላይ ጠቆሙ፤ ቃሬዛው ቀጠለ። አንዲት አሮጊት ነጠላዋን አምጥታ ትከሻዋ ላይ ጣለችላትና «ልጄ፣ ተነሺ፤ አባትሽ ሳይቀበር፣ ሰውየውን እኛ እንይዘዋለን» አለቻት። አልጣሽ አልተነሣችም። ጭቃው ላይ ተቀምጣ የባሏን ጀርባ ደረቷ ላይ አስደገፈችው፤ መንጋለል እንደሌለበት የሚያውቅ ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም። ዜማው ኮረብታውን ዞሮ ራቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከላይ ጩኸት ተሰማ፤ አባቷ ጉድጓድ ሲወርዱ ነው። አልጣሽ መቃብራቸው ላይ እፍኝ አፈር አልጣለችም።

ይርሳው ትንፋሹ ጥቂት ሲመለስለት ዐይኑን ገለጠ።

«ስንተኛው ላይ ደረስኩ?»

«ሦስተኛውን አልፈሃል።»

ተነፈሰ፣ እንደገና ተነፈሰ።

«አባባን ሳያቸው ቀላል ሰው ይመስሉኝ ነበር» አለ።

አልጣሽ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲዞርባት አፏን ትከሻው ላይ ደበቀች።

በሐምሌ፣ ሣህሌ ራሱ እህል ጭኖ በሚሄድበት ካሚዮን ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ አዲስ አበባ ወሰዳቸው። መንገዱን ሙሉ አንድም ቀልድ አልቀለደም። ሐኪሙ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነበር፤ ይርሳውን ራጅ አስነሥቶ ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋውና ነጩን ጥላ በእርሳስ ከበበላቸው።

«ይሄ ልቡ ነው። ይህን ያህል መሆን አልነበረበትም። ከባድ ጉንፋን ይዞህ ያውቃል?»

«በኅዳር» አለች አልጣሽ።

«ጉንፋኑ ሄዷል። ሲሄድ ግን ልብን ጎድቶ ነው የሄደው። ልብ ጡንቻ ነው፤ የእሱ ተለጥጧል፣ ደሙን እንደሚገባ አይገፋም። እግሩ የሚያብጠው፣ ትንፋሹ የሚያጥረው ለዚያ ነው።»

«እኛ ዘንድ ሳምባው ንጹሕ ነው ብለውን ነበር።»

«ልክ ናቸው» አለ ሐኪሙ። «ሳምባው ንጹሕ ነው።»

አልጣሽ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አልቻለችም። ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች።

«ያኔ አርፎ ቢሆን ኖሮስ? እንጨት ባይፈልጥ? ቃሬዛውን ባይሸከም?»

ሐኪሙ ፎቶግራፉን ወደ ማኅደሩ መለሰ። «እመቤቴ፣ እሱን ማወቅ አይቻልም። አንዳንዱ ያርፍና አይድንም። አንዳንዱ ሳያርፍ ይድናል።»

አዎ ቢላት አልቅሳ ንስሐ ትገባበት ነበር። የለም ቢላትም ታርፍ ነበር። ሁለቱንም አላላትም። ሲመለሱ ሞጆ ላይ ምሳ ሊበሉ ሲወርዱ እሷ ካሚዮኑን እየዞረች ስትመላለስ ሣህሌ ሦስት ጊዜ ጠራት።

ይርሳው ከዚያ ቀብር በኋላ ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ኖረ። የሞተው በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ጥር ፳፱ ቀን፣ አሰላ፣ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ ስምንት ነበር።